የቀጥቃጩ ልጅና የመሬቱ ሕግ
ስለ ጀስቲን ሞሪል ሕይወትና ሥራ፤ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሐይቅ ከተማ የተደረገ ንግግር



የእርሻ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ስለ አንድ አሜሪካዊ ሕግ አውጪ ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ሰውየው የእርሻ ሚኒስትር አልነበሩም፤ የዘርም ሆነ የአፈር ተመራማሪ አልነበሩም፤ በተማሪነት የኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጡ የመንደር ነጋዴ ነበሩ። ነገር ግን ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል ዕድሜያችን የገፋው የተማርንበት ኮሌጅ፣ ወጣቶቹም በተዘዋዋሪ ያለፋችሁበት የትምህርት ሥርዓት፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ኚህ ሰው አርቅቀው ለአገራቸው ምክር ቤት ካቀረቡት አንድ ሕግ ነው። ስማቸው ጀስቲን ስሚዝ ሞሪል ይባላል። በዚህ ንግግር ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ስብሰባችን ሐይቅ ላይ መሆኑ ለዚህ ንግግር ተስማሚ ነው የምለው ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ውስጥ ዘልቆ የሚታየው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ትምህርት ቤት ያቆሙበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተቀምጠው የተማሩበት ቦታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ መጻሕፍትን አስጽፈውና አሰባስበው ለገዳሙ መስጠታቸው የታወቀ ነው፤ ያስጻፉት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። አፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 መንግሥቱን በያዙ ጊዜ ለገዳሙ መሬት እንደ ሰጡ፣ የገዳሙም አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ወንበር እንዳገኘ በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ ትምህርትን በመሬት ማቆም ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ሥርዓት ግን ከመሬቱ የሚወጣው ግብር የሚያኖረው ዜማውን፣ ቅኔውንና መጽሐፉን የሚማረውን ነበር። አራሹ ይገብራል እንጂ ስለ ገዛ እርሻው የሚማርበት ወንበር አልነበረውም። ሞሪል ያሰቡት ይህን የጎደለውን ወንበር ነው።

ሞሪል የተወለዱት ኤፕሪል 14 ቀን 1810 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በቨርሞንት ግዛት፣ ስትራፎርድ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ቨርሞንት ተራራ የበዛባት፣ ድንጋያማ፣ የእርሻዋ ወራት አጭር የሆነ ትንሽ ግዛት ናት። አምባሰልን ለሚያውቅ ሰው መልክዓ ምድሯን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ብቻ በገደሉ ፈንታ ደን፣ በበጋው ፀሐይ ፈንታ በረዶ ያስብላት።

አባታቸው ናትናኤል ሞሪል ቀጥቃጭ ነበሩ። ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን ምን እያልን ስንጠራ እንደኖርን እዚህ ላለ ሰው መንገር አያሻም። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራልንን ሰው ከማዕዳችን አርቀን፣ ማረሻው ስለምን ሳይሻሻል ቀረ እያልን ስንጠይቅ ኖረናል። በቨርሞንት ቀጥቃጭነት ሀብት ባያመጣም ውርደት አልነበረም፤ የቀጥቃጩም ልጅ ለምክር ቤት ሊመረጥ ቻለ። ኋላ የጻፉት ሕግ እርሻንና የእጅ ጥበብን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጣመሩ፣ ሁለቱንም ከፍልስፍናና ከቋንቋ ትምህርት ጎን ማስቀመጡ፣ ከአባታቸው መዶሻ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤቱ አቅም ልጆቹን ሁሉ ኮሌጅ ለመላክ ስላልበቃ ሞሪል በ15 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በሱቅ ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ፖርትላንድ ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄደው ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ በ1831 ወደ መንደራቸው ተመልሰው፣ ጄዲዳያ ሃሪስ ከሚባሉ ዳኛና ነጋዴ ጋር ተሻርከው ነገዱ። ንግዱ ቀናቸው። የቀሩበትን ትምህርት በመጽሐፍ ለመተካት ብዙ ያነቡ ነበር። በ1848 ገና በ38 ዓመታቸው ንግዱን ትተው በስትራፎርድ ቤት ሠርተው፣ አትክልት ተክለው ገበሬ ሆኑ፤ በ1851 ወይዘሮ ሩት ስዋንን አገቡ። ከዚያ በኋላ ጸጥ ብለው ይኖራሉ ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ ነው በ1854 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የተመረጡት።

ከማርች 1855 ጀምሮ 12 ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከ1867 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሴኔት ተቀመጡ፤ በጠቅላላው 44 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። እስከ 1974 በነበረው በእኛ ፓርላማ አጠራር፣ መጀመሪያ በሕግ መምሪያው፣ ቀጥሎ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ማለት ነው። ባርነትን ከሚቃወሙት ወገን ነበሩ፤ በግዛታቸው የሪፐብሊካን ፓርቲን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። በዋሽንግተን ይበልጥ የታወቁት በገንዘብና በቀረጥ ጉዳይ ሲሆን፣ በ1861 የወጣው የጉምሩክ ቀረጥ ሕግ በስማቸው ይጠራል። በሁለቱም ምክር ቤቶች የገንዘቡን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። የዛሬው የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ እንዲሠራም ብዙ ደክመዋል። ስለዚህ ሁሉ ማውራት ይቻላል፤ ነገር ግን እኛን አይመለከትም።

እኛን የሚመለከተን በዲሴምበር 1857 ያቀረቡት ረቂቅ ነው። ሐሳቡ ከእርሳቸው ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ጆናታን ቦልድዊን ተርነር የሚባሉ የኢሊኖይ ሰው ለገበሬና ለሠራተኛ ልጅ የሚሆን ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ከዚያ በፊት ሲወተውቱ ነበር። የሞሪል ሥራ የሌሎቹን ምኞት ወደ ሕግ አንቀጽ መለወጥ ነው፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። በ1858 ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር ያቀረቡት ምክንያት የእርሻ ሰው ምክንያት ነበር። በምሥራቁ ያሉት አሮጌ ግዛቶች አፈር እየደከመ፣ ምርቱ እየቀነሰ ሄዷል፤ ገበሬው የደከመውን መሬት ትቶ ወደ ምዕራብ ይሰደዳል፤ እዚያም ደርሶ አዲሱን መሬት በዚያው በአሮጌው አስተራረስ ያደክመዋል አሉ። የአውሮፓ መንግሥታት የእርሻ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ እኛ ዝም ብለን እናያለን ብለውም ወቀሱ። መሬቱ ሲደክም ሰው ወደ ምዕራብ መሄዱን፣ ከ1984ቱ ረሀብ በኋላ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል የተወሰደውን ሕዝብ ለሚያስታውስ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልገኝም።

የሕጉ አሠራር እንዲህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ አልነበረውም፤ መሬት ግን ነበረው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግዛት በኮንግሬስ ባሉት እንደራሴዎች ቁጥር ልክ የሕዝብ መሬት ይሰጠው፤ ግዛቱ መሬቱን ይሽጥ፤ የሽያጩ ገንዘብ ዋናው ሳይነካ ተቀምጦ፣ ወለዱ እርሻና የእጅ ጥበብ የሚያስተምር ቢያንስ አንድ ኮሌጅ ያኑር የሚል ነበር። ኮሌጁ የቀረውን የሳይንስና የቋንቋ ትምህርት እንዳይተው፣ የጦር ትምህርትም እንዲጨምር ታዝዟል። ዋናውን ገንዘብ አትንኩ የሚለውን አንቀጽ የጻፈው የስትራፎርዱ ነጋዴ መሆኑ ያስታውቃል።

ረቂቁ በተወካዮቹ ምክር ቤት በ105 ድምፅ በ100 ላይ፣ በ1859 በሴኔት በ25 በ22 ላይ አለፈ። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ቡካናን አልፈርምም ብለው መለሱት። መንግሥት ይህን ያህል ገንዘብ ሊያጣ አይገባም፤ ትምህርት የግዛቶች እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ አይደለም፤ ያሉትንም ኮሌጆች ይጎዳል የሚሉ ምክንያቶች አቀረቡ። ከበስተጀርባቸው የደቡብ ባለ ባሪያዎች ነበሩ። የምዕራቡም እንደራሴዎች በመሬታቸው ላይ ነጋዴ እንዳይረባረብ ፈርተው ይቃወሙ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ እንዳልነበር ወደፊት እናያለን።

ሞሪል ወደ ሦስት ዓመት ያህል ጠበቁ። በ1861 የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው ጦርነቱ ተጀመረ፤ ተቃዋሚዎቹም ወንበራቸውን ለቀው ሄዱ። ሞሪል ረቂቁን በዲሴምበር 1861 እንደገና አቀረቡት። የመሬቱ መጠን ለአንድ እንደራሴ ከ20 ሺህ ወደ 30 ሺህ ኤክር ከፍ ብሎ ነበር፤ ይኸውም ወደ 12 ሺህ ሄክታር፣ በቀድሞው አነጋገራችን 300 ጋሻ ያህል ነው። የተወካዮቹ ኮሚቴ እንዳይቀበሉት ቢመክርም፣ ሴናተር ቤንጃሚን ዌድ በበኩላቸው በሴኔቱ በኩል አሳለፉት። በጁን 17 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት በ90 ድምፅ በ25 ላይ ጸደቀ፤ ጁላይ 2 ቀን 1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን ፈረሙበት። በቨርጂኒያ ሰባት ቀን የቆየው ውጊያ ያበቃው በዋዜማው ነው። ቁስለኛ እየጎረፈ ባለበት ሳምንት የኮሌጅ ሕግ መፈረም ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል፤ ለሰፋሪዎች መሬት የሚሰጠው ሕግና የምድር ባቡሩም ሕግ ወጥቷል።

በዚያው በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን መዘዘኛ ደብዳቤ ላኩ። እርሳቸውም በበኩላቸው የእጅ ባለሙያ ለአገራቸው እንደሚያስፈልግ ተረድተው በጋፋት መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዚህ በወሎ ምድር መቅደላ ላይ ቀርቷል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዘመን እንዴት እንደተለያዩ ለታሪክ ሰዎች ትቼ ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ።

መሬቱስ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ማንም አልጠየቀም፤ እኛም ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። በሕጉ መሠረት የተሰጠው መሬት በጠቅላላው 17 ሚሊዮን ኤክር፣ ማለት ወደ 7 ሚሊዮን ሄክታር ይደርሳል፤ ይህም የደቡብ ወሎን ዞን አራት እጥፍ ያህል ነው። የሕዝብ መሬት ይባል እንጂ ከነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች በጦርነት፣ በማስፈራራትና በተጣሰ ውል የተወሰደ ነበር። በ2020 የታተመ አንድ የጋዜጠኞችና የታሪክ ምሁራን ምርመራ ወደ 11 ሚሊዮን ኤክር የሚሆነውን ቁራሽ በቁራሽ ተከታትሎ ወደ 250 ከሚጠጉ ነገዶች የተወሰደ መሆኑን አሳይቷል። በምሥራቅ ያለ ግዛት በራሱ ውስጥ የሕዝብ መሬት ስላልነበረው የሚሰጠው የመሬት ማዘዣ ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱን ነጋዴ ይገዛውና በምዕራብ ሄዶ መሬቱን ይመርጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ ወረቀት ገበያ ላይ ስለወጣ ዋጋው ወደቀ፤ ብዙው ኤክር ከአንድ ዶላር ባነሰ ተሸጠ። የምዕራቦቹ እንደራሴዎች የፈሩት ይህን ነበር። ኒው ዮርክ ብቻ የተለየ ዕድል ገጠማት፤ ወደ 990 ሺህ ኤክር የሚሆነውን ድርሻዋን ኢዝራ ኮርኔል የሚባሉ ባለጠጋ በብልሃት ይዘው፣ በዊስኮንሲን የጥድ ደን መርጠው፣ ዋጋው እስኪወጣ አቆይተው አሻሻጡት፤ በስማቸው የሚጠራው ዩኒቨርሲቲም ከዚህ ገንዘብ ተሠራ።

ለአንዱ ልጅ የትምህርት በር የከፈተው ሕግ የሌላውን ልጅ ርስት ሸጦ ነው። ሁለቱንም አብሮ መናገር ይገባል፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ግማሽ ታሪክ ይናገራል። የነባሮቹ ሕዝቦች ኮሌጆች የዚህ ሕግ ተካፋይ የሆኑት በ1994 ነው፤ ከ132 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የእርሻ መሬት ለልማት ሲፈለግ ካሳና ምትክ ምን ያህል ይሁን እያላችሁ በየወረዳው የምትከራከሩ ባልደረቦቼ ይህን ቁጥር ልታስታውሱት ትችላላችሁ።

ኮሌጆቹ ከተከፈቱ በኋላም ነገሩ ወዲያው አልተቃናም። ተማሪ አልመጣም። ገበሬው በመጽሐፍ የሚታረስ እርሻ የት አለ እያለ ይስቅ ነበር፤ ሳቁም መሠረት ነበረው። መምህሩ ሊያስተምር የሚችለው የተፈተነ ዕውቀት ገና አልነበረምና። አሜሪካኖቹ ይህን የተገነዘቡት ከ25 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1887 በየኮሌጁ የምርምር ጣቢያ የሚያቋቁም ሕግ ወጣ። ምርምሩ ውጤት ሲያገኝ ደግሞ ውጤቱ ከጣቢያው አጥር እንደማይወጣ ታወቀ፤ ስለዚህ በ1914 የእርሻ ኤክስቴንሽን ሕግ ታወጀ። ማስተማር፣ መመራመር፣ ለገበሬው ማድረስ፤ ሦስቱ በአንድ ኮሌጅ ሥር እስኪገናኙ 52 ዓመት ፈጀ።

ሞሪል ይህን ሁሉ ለማየት ባይደርሱም ዕረፍት አልወሰዱም። ከ1872 ጀምሮ ለኮሌጆቹ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲሰጥ ደጋግመው ረቂቅ አቀረቡ፤ ደጋግሞም ወደቀ። በኦገስት 1890፣ በ80 ዓመታቸው፣ ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ጸደቀ፤ ለእያንዳንዱ ግዛት በየዓመቱ በ15 ሺህ ዶላር ተጀምሮ እስከ 25 ሺህ የሚያድግ ገንዘብ ተፈቀደ። በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ያለው አንቀጽ አለ። ተማሪ ሲቀበል በዘር ወይም በቀለም ልዩነት ለሚያደርግ ኮሌጅ ገንዘብ አይሰጥም ይላል። ይህን ብሎ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የደቡቡን ድምፅ ለማግኘት ሲባል፣ ለጥቁሮች የተለየ ኮሌጅ አቋቁሞ ገንዘቡን በሚዛን የሚያካፍል ግዛት ሕጉን እንደፈጸመ ይቆጠራል የሚል ተጨመረበት። ደቡቡ ይህንን መረጠ። በዚህ ምክንያት የተቋቋሙት ወይም የተደገፉት የጥቁሮች ኮሌጆች ዛሬ 19 ናቸው፤ ብዙ ታላላቅ ሰዎችም አፍርተዋል። ሚዛኑ ግን ለብዙ ዘመን የጎደለ ሚዛን ነበር። ሞሪልን የሚያወድሱ ሰዎች የመጀመሪያውን አንቀጽ፣ የሚነቅፏቸው ሁለተኛውን ይጠቅሳሉ። እኔ እንደሚመስለኝ አዛውንቱ ሕግ አውጪ ከምንም ያልተሟላ ይሻላል ብለው ፈረዱ፤ የዚያን ፍርድ ዕዳ የከፈሉት ግን እርሳቸው አልነበሩም።

ሞሪል ዲሴምበር 28 ቀን 1898 በሴኔት ወንበራቸው ላይ ሳሉ በ88 ዓመታቸው በዋሽንግተን ዐረፉ፤ የተቀበሩት በስትራፎርድ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በምዕራብ ኦክላሆማ የምትባል አገር አለች። በኤፕሪል 1889 ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደው መሬት ለሰፋሪ ሲከፈት፣ ሰው በፈረስና በጋሪ እየተሽቀዳደመ የደረሰበትን የያዘባት ናት። በማግሥቱ ዓመት በዲሴምበር 1890 ስቲልዋተር በምትባል ከተማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ በሕግ ተቋቋመ፤ ሁለተኛው የሞሪል ሕግ በወጣ በአራተኛው ወር ነው። በ1897 በዚያው ግዛት ላንግስተን የሚባል ኮሌጅ ለጥቁሮች ለብቻ ተቋቋመ፤ ምክንያቱን አሁን ነግሬያችኋለሁ።

የስቲልዋተሩ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። ወዲያውም ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የሚባለውን የቴክኒክ ዕርዳታ መሥሪያ ቤት እንዲመሩ ሾሟቸው። ቤኔት በዲሴምበር 1951 በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በሜይ 1952 ኦክላሆማ በኢትዮጵያ የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ውል ፈረመ። በዚያው ዓመት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኮሌጁም በ1956 ሐረርጌ ውስጥ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ በጃንዋሪ 1958 ንጉሠ ነገሥቱ መረቁት። በመጀመሪያ ስሙ ውስጥ እርሻና ሜካኒክ ጥበባት ተጣምረው ይነበቡ ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ ዓረፍተ ነገር ከ90 ዓመት በላይ ተጉዞ ዓለማያ ደጃፍ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ውል ዓመት ስቲልዋተር ምን ትመስል እንደነበር ማወቅ ይበጃል። ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ የምትባል የላንግስተን ምሩቅ በ1949 በዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ሆና ስትገባ፣ ከነጮቹ ጋር በአንድ ክፍል እንዳትቀመጥ ተደርጎ ከክፍሉ ውጭ ሆና ትምህርቷን እንድትከታተል ታዝዛ ነበር። ጥሩ ውጤት ስታመጣ የክፍል ጓደኞቿ ራሳቸው ትግባ አሉ። የማስተርስ ዲግሪዋን የተቀበለችው በ1952 ነው፤ ኮሌጁ ከኢትዮጵያ ጋር ውል በፈረመበት ዓመት። የመጡልን አሜሪካውያን መምህራን ብዙዎቹ ቅንና ታታሪ ሰዎች ነበሩ፤ በጭቃ ገብተው ከተማሪ ጋር ይሠሩ ነበር። ያን ማስታወስ ይህን ከማወቅ አያግድም።

ኦክላሆማዎቹ ያመጡልን ሥርዓት ሦስቱን ሥራ በአንድ ላይ የያዘ ነበር። ኮሌጁ ያስተምራል፤ ደብረ ዘይትን የመሰለ የምርምር ጣቢያ በሥሩ አለ፤ የኤክስቴንሽኑም ሥራ በ1950ዎቹ የተጀመረው በእርሱ ሥር ነው። አሜሪካ 52 ዓመት የፈጀባትን እኛ በአንድ ውል ተቀበልን። ሳይውል ሳያድር ግን ፈታነው። በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ቆመ፤ በ1968 ኦክላሆማዎቹ ሄዱ። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያት ነበረው፤ አንድ ኮሌጅ ሐረርጌ ተቀምጦ ወሎንና ሲዳሞን ሊያዳርስ አይችልም የሚለው ክርክርም ቀላል አልነበረም። ይሁንና ከዚያ ወዲህ አስተማሪው፣ ተመራማሪውና የልማት ሠራተኛው በጀታቸው ለየብቻ፣ አለቃቸው ለየብቻ፣ መኪናቸውም ለየብቻ ሆነ። እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች በዓመት አንድ ቀን በአውደ ጥናት ላይ ይገናኛሉ። በ1973 ረሀቡ ወሎን ሲመታ ከዓለማያ የወጡ ምሩቃን ነበሩ፤ የምርምር ውጤትም ነበረ፤ የኤክስቴንሽን መምሪያም ነበረ። ለረሀቡ ሌሎች ከባድ ምክንያቶች እንዳሉት፣ የባላባቱና የጭሰኛው ነገር፣ የመንግሥቱም ዝምታ እንዳለበት አውቃለሁ። ሆኖም ሦስቱ ወንድማማቾች በዚያ ዓመት በአንድ ማሳ ላይ አልቆሙም።

በመሬትም ረገድ የሞሪልን መንገድ ልንከተል አንችልም፤ ልንከተልም አይገባም። የ1975ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ ወዲህ የሚሸጥና የሚለወጥ መሬት የለም። ስለዚህ የእኛ ኮሌጅ ከርስቱ ወለድ አይኖርም፤ በየዓመቱ በጀት ይለምናል። ለእኔ ከሞሪል ሕግ ሊወሰድ የሚገባው መሬቱ ሳይሆን ዋናው አይነካም የሚለው ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሁሉ ለዚህ ለተሁለደሬና ለአምባሰል ገበሬ ምኑ ነው የሚል ካለ፣ ማሽላው ውስጥ ገብቶ አቀንጭራን ይመልከት። ያች ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ሥር ለሥር ገብታ የማሽላውን ደም የምትመጥ አረም በቆላውና በወይና ደጋው የስንቱን ቤት ጎተራ ባዶ እንዳስቀረች ታውቃላችሁ። ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ በኦክላሆማዎቹ በተተከለው በጅማ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1973 ከዓለማያ ተመርቀው፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙ የአገራችን ሰው ናቸው። ፐርዱ በ1869 በሞሪል ሕግ የተቋቋመ የኢንዲያና ኮሌጅ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ሥራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚያ የመጡት ዝርያዎች በአገራችን ጎቢዬና አብሽር ተብለው ወጥተዋል፤ ጎቢዬ የሰሜን ወሎ ስም መሆኑን ልብ ትላላችሁ። ከ1862ቱ ፊርማ እስከ ወሎ ማሳ ድረስ ክሩ ሳይበጠስ መጥቷል።

መጥቶ ግን ማሳው ዳር ላይ ቆመ። ዝርያዎቹ ቶሎ የሚደርሱ፣ ቁመታቸው አጭር ነው። ገበሬው ከማሽላ እህሉን ብቻ አይፈልግም፤ አገዳው የበሬው መኖ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የጎጆው ማገር ነው። አጭሩን ማሽላ ሲያይ ግማሽ ሀብቱ የተቆረጠ ይመስለዋል፤ ደግሞም እውነቱን ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን መልስ በየቀበሌው ይሰማል። ሰምቶ ለማን ይነግራል? ሪፖርቱ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይሄዳል እንጂ ዘሩን ወደሚያዳቅለው ተመራማሪ አይደርስም። አሜሪካኖቹ በ1914 ያወጡት ሕግ ዋና ጥቅም ዕውቀትን ወደ ታች ማውረዱ ብቻ አይደለም፤ የገበሬውን መልስ ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል መሆኑም ጭምር ነው። እኛ መሰላሉን የምናውቀው ለመውረጃ ብቻ ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፤

ጊዜዬን ስለጨረስሁ ለከሰዓቱ ውይይት የማቀርበው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዚህ ወደ ሰሜን በወልዲያ መንገድ ሲሪንቃ ላይ የምርምር ማዕከል አለ። በተሁለደሬና በአምባሰል በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹም ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። የሦስቱም ባልደረቦች የዚህ ማኅበር አባላት ስለሆኑ፣ ለመገናኘት የማንንም ሚኒስትር ፊርማ መጠበቅ አያሻንም። አቀንጭራ ከጎዳቸው ቀበሌዎች አንዱን ከምሳ በኋላ እንምረጥ። ከሰኔ በፊት ሦስቱም ወገኖች በዚያ ቀበሌ በአምስት ገበሬዎች ማሳ ላይ አብረው ይዝሩ፤ በኅዳርም አገዳው ተለክቶ፣ እህሉ ተመዝኖ፣ ገበሬዎቹ የሚሉት በእነርሱው አነጋገር ተጽፎ ለሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ይቅረብ። ማን ምን እንደሚያዋጣ የሚመዘገብበትን ወረቀት ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሴን ስም ጽፌበታለሁ።